የኤም ኤስ ድካም፦ ጥፋቱ የባሕር ዳር ሙቀት ነው ወይስ ሌላ?

ነገሩ በኢንተርኔት የውይይት መድረክ ላይ የተከፈተ አንድ የውይይት ክር ነው። የክሩ መክፈቻ ግማሹ ጥያቄ፣ ግማሹ ሙግት ነው። የከፈተው ሰው መልቲፕል ስክሌሮሲስ የተባለው የነርቭ በሽታ፣ በአጭሩ ኤም ኤስ፣ ያለበትን ታማሚ የሚያስታምም ነው። ታማሚው ጠዋት ደህና ይነሣና ከቀኑ 7 ሰዓት በኋላ ጉልበቱ ይከዳዋል፤ ንግግሩም ይጎተታል። ከመጋቢት እስከ ግንቦት ደግሞ ይብስበታል። ከፋቹ ከዚህ ተነሥቶ ጥፋቱ ሁሉ የከተማው ሙቀት ነው ብሎ ደመደመ። ቤተሰቡም ቤቱን አከራይቶ ወደ ደብረ ታቦር ለመዛወር እየመከረ ነው። ባሕር ዳር 1,800 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ ናት፤ ደብረ ታቦር ከ2,600 ሜትር በላይ። ደጋው ድካሙን ያቀልለታል ወይ? የጠየቀው ይህንን ነው። እስኪዘጋ 29 ምላሽ ገብቷል፤ ጥቂቱ ጨዋ፣ ጥቂቱ ቁጡ፣ ጥቂቱም ስለ ዓሣ።

1ኛው ምላሽ የአንድ የነርቭ ሐኪም ነው። ሰላምታ አስቀድመው፣ የሙቀቱ ነገር ሐሰት አለመሆኑን አመኑ። ኤም ኤስ የነርቭን ሽፋን፣ ማየሊኑን፣ የሚልጥ በሽታ ነው። የተላጠ ነርቭ መልእክት የሚያሳልፈው በጭንቅ ስለሆነ የሰውነት የውስጥ ሙቀት በግማሽ ዲግሪ ሴልሺየስ ከፍ ቢል እንኳ መልእክቱ መንገድ ላይ ይቀራል። ነገሩን በ1890 እ.ኤ.አ. በጽሑፍ ያሰፈረው ጀርመናዊው የዓይን ሐኪም ዊልሄልም ኡትሆፍ ስለሆነ በስሙ ይጠራል። ሰውነት ሲቀዘቅዝ ሁሉም ወደነበረበት ይመለሳል፤ ነርቩ ላይ አዲስ ጉዳት አልደረሰም። እስከዚህ ከፋቹን ደገፉት። ከዚያ ግን አንድ ነገር እንዲያስብበት ጠየቁት፦ ኤም ኤስ በብዛት የሚታየው በስካንዲኔቪያ፣ በስኮትላንድ፣ በካናዳ ነው። ብርድ አገር ማለት ነው። እዚያም ከታማሚዎች ሦስት አራተኛው ወይም ከዚያ የሚበልጠው በድካም ይማረራል። ሙቀት ያለውን ድካም ያጎላል እንጂ ብቻውን አይፈጥረውም።

2ኛው አጭርና ጎምዛዛ ነው። ጥበበ ጊዮንና ፈለገ ሕይወት ሆስፒታሎች ያሉት ባሕር ዳር ነው፤ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ለእያንዳንዱ ክትትል በመኪና መመላለስ ራሱ ድካም አይደለም ወይ ብሎ ጠይቆ ሄደ። መልስ የሰጠው የለም፤ ጥያቄው ግን ተገቢ ነበር።

3ኛዋ ነርስ ናት። ከአየር ንብረቱ በፊት ጊዜውን ለዩ አለች፦ ድካሙ ቀስ በቀስ የመጣ ነው ወይስ በአንድና በሁለት ቀን የወደቀበት? በድንገት የመጣ ከሆነ ኢንፌክሽን መፈለግ ይቀድማል። ጣና ዳር የወባ አገር ነው። ወባው ከመስከረም እስከ ኅዳር ይበረታል፤ በበልግ መጨረሻም ብቅ ይላል። ትኩሳት የውስጡን ሙቀት ከፍ ስለሚያደርግ ታማሚው በሽታው ያገረሸበት ይመስላል፤ እግሩ ይከዳል፣ ዓይኑ ይደበዝዛል። ስለዚህ በዚያው ቀን የወባ ምርመራና የሽንት ምርመራ ይደረግ፣ ትኩሳቱም በፓራሲታሞል ይውረድ። የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን በኤም ኤስ ታማሚ ላይ ሳያቃጥልም ሊመጣ ይችላል፤ ብቸኛው ምልክት ድንገተኛ ዝለት የሚሆንበት ጊዜ ብዙ ነው። እውነተኛ ማገርሸት ለመባል አዲሱ ምልክት ትኩሳትና ኢንፌክሽን በሌለበት ከ24 ሰዓት በላይ መቆየት አለበት።

4ኛው ከፋቹ ራሱ ነው። ትኩሳት የለም፤ ድካሙ ከወራት በፊት ጀምሮ እየጨመረ የመጣ ነው አለ። ሳይጠየቅ ደግሞ የመድኃኒቱን ዝርዝር ጻፈ፦ ለጡንቻ መገታተር ባክሎፌን 10 ሚሊግራም በቀን ሦስቴ፣ ለሽንት ኦክሲቡቲኒን 5 ሚሊግራም በቀን ሁለቴ፣ ለነርቭ ሕመም አሚትሪፕቲሊን 25 ሚሊግራም ማታ። ሌሊት አራት ጊዜ ለሽንት እንደሚነሣም አከለ። ክሩ አቅጣጫ የቀየረው እዚህ ላይ ነው።

5ኛው ምላሽ የፋርማሲስት ሲሆን ከሁሉ ይረዝማል፤ በእኔ ግምት ከሁሉ የሚጠቅመውም እሱ ነው። ኦክሲቡቲኒን የሽንት ፊኛን የሚያረጋጋው አሴቲልኮሊን የተባለውን የነርቭ መልእክተኛ በመዝጋት ነው። ላብ የሚያመነጨው እጢ የሚታዘዘውም በዚሁ መልእክተኛ ነው። አሚትሪፕቲሊንም ከሥራው ጎን ለጎን ያንኑ ይዘጋል። ሁለቱ ሲደራረቡ ሰውየው ላቡ ይቀንሳል፤ ኤም ኤስ ራሱም ላብን ሊቀንስ ይችላል። ላብ የሌለው ሰው ደግሞ በ29 ዲግሪ ቀን ሙቀቱን የሚያወጣበት በር ተዘግቶበታል። ስለዚህ ከፋቹ ሙቀት ነው ያለው ልክ ሊሆን ይችላል፤ በሩን የዘጋው ግን የመድኃኒት ሣጥኑ ሊሆን ይችላል። ማጣሪያውም ቀላል ነው፦ በቀትር ትንሽ ከተንቀሳቀሰ በኋላ ጀርባውንና ብብቱን በእጅ መዳሰስ። ሌላው ላብ በላብ ሆኖ እሱ ደረቅና ትኩስ ከሆነ ለሐኪሙ ይነገር። ከዚያ ወደ ባክሎፌን ዞረ። ባክሎፌን ያፈዝዛል። ከዚህም ሌላ፣ የተገታተረው ጡንቻ አንዳንዴ ደካማውን እግር ቀጥ አድርጎ የሚያቆመው እሱ ነው፤ መጠኑ ሲበዛ እግሩ ይልፈሰፈሳል፤ ቤተሰቡም ይህን ድካም ይለዋል። መድኃኒቱ ከተወሰደ ከአንድና ከሁለት ሰዓት በኋላ የሚመጣ መልፈስፈስ ከሆነ የቀኑን መጠን ቀንሶ የማታውን ማመዛዘን ይቻላል፤ ግን በሐኪም ትእዛዝ።

የመጨረሻዋን ሐረግ 6ኛው አላነበባትም መሰለኝ። ታዲያ ሁሉንም ዛሬውኑ ያቁማ፣ ጠበል ይግባ፣ ይድናል ብሎ ጻፈ። ፋርማሲስቱ በ7ኛው ምላሽ የቅድሙን ትሕትና ጥሎ ተመለሰ። ባክሎፌን በአንድ ጊዜ ሲቋረጥ ቅዠት፣ የሚጥል በሽታ፣ ከፍተኛ ትኩሳትና ከበፊቱ የባሰ መገታተር ያመጣል፤ ሰው የሞተበትም መድኃኒት ነው። ጠበል የሚሄድ ክኒኑን ይዞ ይሂድ፤ ባዶ ሆድ የሚቆይ ከሆነም የመውሰጃ ሰዓቱን ከመሄዱ በፊት ከሐኪሙ ጋር ያስተካክል። የሚቀነስ ከሆነ በየሳምንቱ 5 ወይም 10 ሚሊግራም እየተባለ ነው የሚቀነሰው። ስለማያውቁት መድኃኒት ምክር የሚሰጡ ሰዎች ከክሩ ቢወጡ እንደሚመርጥም ጨመረ። 6ኛው ሰው ተመልሶ አልታየም።

8ኛዋ እንደገና ነርሷ ናት፤ ወደ ሽንቱ መለሰችን። ሌሊት አራት ጊዜ የሚነሣ ሰው ጥልቅ እንቅልፍ አያገኝም፤ እንቅልፍ የሌለው ሰው ድካሙ ምን አስደነቀ? ግን ኦክሲቡቲኒን ሲጀመር ከሽንት በኋላ ፊኛ ውስጥ የቀረው መጠን ተለክቶ ነበር ወይ? ሽንት እንደጨረሰ ወዲያው በአልትራሳውንድ ይለካል፤ ጊዜ አይፈጅም። ከ100 ሚሊ ሊትር በላይ የሚቀርበት ሰው ችግሩ ፊኛው መቸኮሉ ብቻ አይደለም፣ አለመጨረሱ ነው። ኦክሲቡቲኒን ደግሞ የቀረውን ያበዛዋል፤ የቀረ ሽንት ኢንፌክሽን ይወልዳል፤ ዞሮ ዞሮ ድካም። እንዲህ ላለው ሰው በቀን የተወሰነ ጊዜ በንጹሕ ካቴተር፣ ማለትም በቀጭን ቱቦ፣ ሽንትን ማስወጣት ይሻላል። ውኃውን ግን አትቀንሱበት፤ ሰዓቱን ቀይሩት፦ በቀን አንድ ሊትር ተኩል እስከ ሁለት፣ አብዛኛው ከምሽቱ 12 ሰዓት በፊት። በእንቅልፉ የሚያንኮራፋና ትንፋሹ ቆም ቆም የሚልበት ከሆነ፣ ወይም እግሩ አላስተኛ የሚለው ከሆነ፣ ያም ለብቻው ይነገር።

9ኛው ሰው ድካም የሌለበት ማን አለ፣ እኛም ከሥራ ስንገባ እንወድቃለን፣ ታማሚን ማቀማጠል ነው የሚያሳንፈው የሚል ነገር ጻፈ። እንዲህ ያለ ሰው ከክር አይጠፋም። ጥሩነቱ፣ አንድ ፊዚዮቴራፒስት (የእንቅስቃሴ ሕክምና ባለሙያ) ማስነሣቱ ነው። 10ኛው ምላሽ ቁጣ ቢኖረውም ትምህርት ነው። በቤት ውስጥ ሁሉም ድካም ተብሎ የሚጠራው ነገር ሦስት ነው አለ። አንደኛው እንቅልፍ እንቅልፍ ማለት ነው፤ ምንጩ አብዛኛውን ጊዜ ሌሊቱ ወይም መድኃኒቱ ነው። ሁለተኛው የጡንቻ መዛል ነው፤ መጀመሪያ ደህና ይራመድና 200 ሜትር ላይ የእግሩ ጣት መሬት መጥረግ ይጀምራል፤ አረፍ ሲል ይመለስለታል። ሦስተኛው ምንም ሳይሠራ፣ ተኝቶ ተነሥቶ፣ አእምሮውም አካሉም ባዶ የሚሆንበት ነው። የበሽታው የራሱ ድካም ይህ ነው፤ የአእምሮ መስመሮች ሲጎዱ ያንኑ ሥራ ለመሥራት ተጨማሪ ኃይል ስለሚወስድ፣ ብግነቱም ስለሚያዝል የሚመጣ። ሦስቱ መፍትሔያቸው ለየቅል ነው፤ አንዱም ግን በተግሣጽ አይድንም። ሁለተኛው ለምሳሌ ቁርጭምጭሚትን ቀና አድርጎ በሚይዝ ቀላል ድጋፍ ብዙ ይሻሻላል፤ የሚጎተት እግር በየእርምጃው ዳሌን ማንሣት ስለሚጠይቅ ጉልበት ይበላል።

ከ11 እስከ 13 ስለ መለኪያ ነው፤ ባጭሩ ልለፈው። 11ኛው በ1989 እ.ኤ.አ. የወጣውን የድካም ክብደት መለኪያ ጠቀሰ፦ ዘጠኝ ዓረፍተ ነገር፣ ለእያንዳንዱ ከ1 እስከ 7፣ ድምሩ 63 ላይ 40 ካለፈ ከባድ ነው አለ። 12ኛዋ አረመችው፤ ድምሩ ለዘጠኝ ተካፍሎ አማካዩ 4 ከደረሰ ነው የሚቆጠረው፣ ማለትም 36። 13ኛው ደግሞ መለኪያው ምን ያህል እንጂ ለምን የሚለውን አይነግርህም አለ። ሦስቱም አልተጣሉም።

ለምን የሚለውን ለማግኘት 14ኛው ምላሽ አንድ ተራ ደብተር አቀረበ። ደብተሩ በጎን ይያዝና ለ14 ቀን ስድስት ዓምድ ይሠመር፦ ሌሊት የተነሣበት ብዛት፣ የነቃበት ሰዓት፣ መድኃኒት የወሰደበት ሰዓት ከነመጠኑ፣ የክፍሉ ሙቀት፣ የሠራው ሥራ፣ እና ድካሙ ከ0 እስከ 10። የመጨረሻው ዓምድ በ3፣ በ6፣ በ9 እና በ12 ሰዓት ይሞላል፤ ማታ ተሰብስቦ በትዝታ አይጻፍ፣ ሁሉም 8 ይሆናል። ከሁለት ሳምንት በኋላ ደብተሩ ይነበባል። ድካሙ የሚከተለው ቴርሞሜትሩን ከሆነ ጉዳዩ ሙቀት ነው። ክኒኑን ከሆነ መድኃኒቱ ነው። መጥፎውን ሌሊት ከሆነ እንቅልፉ ነው። ከምንም ጋር ሳይሄድ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ከሆነ ወይ የበሽታው የራሱ ነው፣ ወይ ደሙ ውስጥ ያለ ነገር ነው። ሐኪም ፊት አሥር ደቂቃ ላለው ሰው ይህች ገጽ ትልቅ ነገር ናት።

ስለ ደሙ የጻፈው 15ኛው፣ የላቦራቶሪ ባለሙያ ነው። አራት ነገር ይታይ አለ፦ ሙሉ የደም ቆጠራ፣ ፌሪቲን (የብረት ክምችት መለኪያ)፣ ቫይታሚን ቢ12 እና የታይሮይድ ሆርሞን። ኢንተርፌሮን የተባለውን የኤም ኤስ መድኃኒት የሚወጋ ታማሚ ከሆነ ታይሮይዱና ጉበቱ በተለይ ይታዩ፤ መድኃኒቱ ሁለቱንም ሊያውክ ይችላልና። የሄሞግሎቢኑን ወረቀት በጥንቃቄ አንብቡ አለ፤ ለሴት 12፣ ለወንድ 13 የሚለው ወሰን ለባሕር ወለል የወጣ ነው፤ ከፍታ ሲጨምር ወሰኑም ይጨምራል። ባሕር ዳር ላይ 12.2 ያላት ሴት ደህና ነሽ ተብላ ብትመለስ ልክ አይደለም። ፌሪቲን ከ15 በታች ከሆነ ብረቱ አልቋል ማለት ነው፤ ብግነት ያለበት ሰው ላይ ግን ቁጥሩ በሐሰት ከፍ ስለሚል ከ70 በታች ከሆነም ይጠረጠራል። ምንጩን ሳይፈልጉ ብረት ብቻ መስጠት ደግሞ ቀዳዳ ማድጋ መሙላት ነው፤ በሐይቁ ዙሪያ መንጠቆ ትልና ቢልሃርዝያ ስላሉ ሰገራ ይመርመር። የብረቱ ክኒን ከቡናና ከሻይ ጋር አይወሰድ፤ በመካከላቸው ቢያንስ አንድ ሰዓት ይኑር።

16ኛው ከዚህ ተነሥቶ ጥፋቱን ወደ ጾም ወሰደው፤ ሁዳዴ 55 ቀን ሥጋና ወተት የለም፣ ቢ12 ከየት ይምጣ አለ። 17ኛዋ በአክብሮት አስተካከለችው። የቢ12 ክምችት ጉበት ውስጥ ዓመታት ይቆያል፤ አንድ ሁዳዴ አያሟጥጠውም። ነገር ግን የዓመቱ ጾም ተደምሮ ከ180 ቀን በላይ ሲሆን፣ በፍስኩም ቀን ወጡ ሽሮ ብቻ ከሆነ፣ በዓመታት ጊዜ ይጎድላል። ጉድለቱም እግር ማደንዘዝ፣ ሚዛን ማሳጣትና ማዛል ስለሚችል ኤም ኤሱን ይመስላል፤ ለዚህ ነው የሚለካው። ከ200 ፒኮግራም በታች ከሆነ በ1,000 ማይክሮግራም መርፌ ይተካል። የታመመ ሰው ጾሙን በተመለከተ ንስሐ አባቱን ማማከር እንደሚችልም በመጨረሻ አስታወሰች።

ያን ማለቷ ግን በር ከፈተ። 18ኛው ዓሣ ይብላ፣ ጣና ሞልቶ ቆሮሶና አምባዛ እያለ ምን መርፌ አስፈለገ አለ። 19ኛው በሁዳዴ ዓሣ መብላት ጾም መግደል ነው ብሎ ተነሣ። 20ኛው አባቶቻችን ሲበሉት ኖረዋል ብሎ መለሰ። 21ኛው ስለ ዓሣ ዋጋ አማረረ፤ እንቦጩንም ዓሣ አስጋሪውንም ወቀሰ። ለአፍታ ኤም ኤስ የሚባል በሽታ የተረሳ መሰለ። የመድረኩ አስተባባሪ ዓሣውን ከክሩ አውጥቶ ለብቻው ክር ከፈተለትና ሁሉም ወደ ጉዳዩ እንዲመለስ ጠየቀ። ዓሣ ቢ12 እንዳለው ግን ማንም አልካደም።

22ኛው ምላሽ ስለ ጫት ነው፤ ባሕር ዳር ላይ ስለ ድካም እየተወራ ጫት ሳይነሣ መቅረቱ ይገርመኝ ነበር። ጸሐፊው ሳይሰብክ ጻፈ። ጫት ለሦስትና ለአራት ሰዓት ያነቃል፤ ከዚያ የሌሊቱን እንቅልፍ ይወስዳል፤ በማግስቱ የሚመጣው ዝለትም ሌላ ጫት ይጠራል። ለኤም ኤስ ታማሚ ሁለት ተጨማሪ ጉዳት አለው፦ የሽንትን ፍሰት ያዳክማል፣ ሆድ ያደርቃል። ፊኛው ከመጀመሪያውም አልጨርስ ላለ ሰው ይህ ነገር ማባባስ ነው። ከአነቃቂ መድኃኒት ጋር ሲሆን ደግሞ ልብ ምትንና ደም ግፊትን ይጨምራል። ቡና ከዚህ ይሻላል፤ ግን ካፌይን በአምስት ሰዓት ውስጥ እንኳ ግማሹ ብቻ ነውና የሚወጣው፣ ሦስተኛው የዘጌ ቡና ከቀኑ 8 ሰዓት በፊት ይለቅ።

23ኛው ላይ የክሩ ከባዱ ጠብ ተነሣ። አንድ ሰው ለድካም ፍቱን ነው ብሎ ዴክሳሜታሶን የተባለውን የስቴሮይድ መርፌ መከረ፤ አንድ ጊዜ ተወግቶ የሚነሣ ሰው ሞልቷል አለ። የነርቭ ሐኪሙ በ24ኛው ምላሽ ተመለሱ፤ በዚህ ጊዜ ሰላምታም አልነበረም። ስቴሮይድ ለማገርሸት የሚሰጥ መድኃኒት ነው፤ ሜቲልፕሬድኒሶሎን በቀን 1 ግራም፣ ከሦስት እስከ አምስት ቀን፣ ኢንፌክሽን አለመኖሩ ከታየ በኋላ። የሚሰማው ብርታት መድኃኒቱ የሚሰጠው መነቃቃት ነው፤ በቀናት ውስጥ ይጠፋል፤ እንቅልፍ ማጣት፣ የስኳር መጨመርና የአጥንት መሳሳት ይቀራል። ከሁሉ በላይ፣ ስትሮንጂሎይደስ የተባለው የአንጀት ትል ያለበት ሰው በስቴሮይድ መከላከያው ሲወድቅ ትሉ ከአንጀት ወጥቶ መላ ሰውነቱን ይወርራል፤ ይገድላል። የተደበቀ የሳንባ ነቀርሳም እንዲሁ ይነሣል። ያለ ትእዛዝ ለድካም ዴክሳ የሚወጋ ሰው የሚሠራውን አያውቅም አሉ። መካሪው መለሰ፣ ሐኪሞች ሁሉን ነገር ያስፈራራሉ ብሎ። አስተባባሪው ምክሩን አነሣው፤ ሙግቱን ግን ተወው። ጥሩ አደረገ።

በዚያው ምላሽ ጫፍ ላይ ሐኪሙ ለዘብ ብለው ስለ ድባቴ ጥቂት ጻፉ። ከኤም ኤስ ታማሚዎች እስከ ግማሽ የሚደርሱት በሕይወታቸው በሆነ ጊዜ ያገኛቸዋል። ዘጠኝ ጥያቄ ያለው የድባቴ መጠይቅ ከ27 ላይ 10 ሲደርስ ያስጠረጥራል፤ ግን ከጥያቄዎቹ ሁለቱ ስለ ድካምና ስለ እንቅልፍ ስለሆኑ ኤም ኤስ ያለበት ሰው ሳያዝንም ነጥብ ይሰበስባል። መጀመሪያ ያሉትን ሁለቱን ተመልከቱ፦ ይወደው በነበረው ነገር ደስታ ማጣቱንና ልቡ መክበዱን። እነሱ ካሉ ለድባቴው መታከም ድካሙንም ያቀልለዋል።

25ኛው ሰው ስለ ስፖርት ጠየቀና ራሱ መልሶ፣ ሽምብጥ በኩል ሐይቁ ውስጥ መዋኘት ይበጃል፣ ቀዝቃዛም ነው አለ። ፊዚዮቴራፒስቱ በ26ኛው ሐሳቡን ለሁለት ከፈለው። ውኃ ውስጥ መንቀሳቀስ ጥሩ ነው፤ ከ27 እስከ 29 ዲግሪ ያለ ንጹሕ ገንዳ ከተገኘ። ጣና ግን ቢልሃርዝያ አለው፤ በጉማሬውም ላይ እግሩ የሚከዳ ሰው አይጨመርበትም። ከዚያ የራሱን መርሐ ግብር ሰጠ። ግቡ በሳምንት ሁለት ቀን 30 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴና ሁለት ቀን የጡንቻ ማጠንከሪያ ነው፤ ግን በ30 አይጀመርም። አምስት ደቂቃ መራመድ፣ መቀመጥ፣ እንደገና አምስት። ሰዓቱ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል እስከ 2 ሰዓት፤ ቦታው ጥላና መቀመጫ ያለው የሐይቁ ዳር መንገድ። ካቆመ ከሁለት ሰዓት በኋላም ከመጀመሩ በፊት ከነበረው በላይ ከደከመው በዝቷል፤ በሚቀጥለው ይቀነስ። ሲሞቀው ዓይኑ ቢደበዝዝ አይደንግጥ፣ ይቀመጥ፣ ይቀዝቅዝ፤ ይመለስለታል። ጨርሶ መተኛት ግን ጡንቻውን ያሟሟዋል፤ ከዚያ ያው ትንሽ ሥራ የበለጠ ያደክማል።

27ኛዋ ወደ መዛወሩ ጥያቄ ተመለሰች፤ የሚገርመው ከ2ኛው በኋላ ማንም አልነካውም ነበር። ቤት ከመቀየር በፊት ቤቱን ቀዝቅዙት አለች። ኮርኒስ የሌለው ቆርቆሮ ጣሪያ በቀትር ሙቀቱን ቀጥታ ወደ ታች ይለቃል፤ ለአንድ ክፍል እንኳ ኮርኒስ ቢገባለት ልዩነት አለው። ጎንና ጎን ያሉ መስኮቶች ከምሽት እስከ ጠዋት ይከፈቱ፤ ከ4 ሰዓት በኋላ ይዘጉ፣ መጋረጃው ይውረድ። ማቀዝቀዣ ከሌለ እንስራ ውኃ ያቀዘቅዛል። የረጠበ ነጠላ አንገትና ክንድ ላይ፣ ከፊት ለፊት ቬንትሌተር፤ መብራት ሲጠፋ ማራገቢያ። ገላ መታጠቢያው ለብ ባለ ውኃ ተጀምሮ ቀስ በቀስ ይቀዝቅዝ፤ በድንገት ቀዝቃዛ ውኃ ማፍሰስ ጡንቻውን ይገታትረዋል። እንጀራ የምትጋግር ታማሚ ካለች ደግሞ ምጣድ ፊት መቆም ቀኗን ሙሉ ይወስድባታል፤ እንፋሎቱ ፊቷን፣ ምጣዱ ሆዷን፣ አክንባሎ ማንሣቱ ትከሻዋን። በማለዳ፣ ከፍ ባለ በርጩማ ተቀምጣ፣ ግማሹን ብቻ፤ የቀረውን ሌላ ሰው። ስለ ደብረ ታቦር፦ ከፍታው ወደ ስድስት ዲግሪ ያህል ያቀዘቅዛል፤ የሌሊቱ ብርድ ግን መገታተርን ያብሳል፣ ሽንትም ያበዛል። ዘመድ ካለ ደብተሩን ይዞ ሁለት ሳምንት ይቀመጥና ገጾቹን ያወዳድር፤ ከዚያ በኋላ ስለ ኪራይ ይወራ።

በ28ኛው ምላሽ ከፋቹ አመሰገነ። ጀርባውን ዳስሰው ደረቅ ሆኖ እንዳገኙትና የሽንቱን ልኬት ሊያሠሩ መሆኑን ጻፈ። ከዚያ ለታማሚው ሳይሆን ለሌላ ለሚያውቃት ሴት አንድ ጥያቄ አስከተለ፦ ለድካም የሚሰጥ ክኒን የለም ወይ? አማንታዲን ወይም ሞዳፊኒል ሲባል ሰምታለች፤ ክንዷ ውስጥ የተቀበረ የወሊድ መከላከያ አላት።

29ኛው የፋርማሲስቱ ነው፤ ቁጣው ሙሉ በሙሉ በርዷል። አማንታዲን 100 ሚሊግራም ጠዋትና ቢዘገይ እስከ ቀኑ 8 ሰዓት፣ ሞዳፊኒል ከ100 እስከ 200 ሚሊግራም ጠዋት፤ የተለመደው አሰጣጥ ይህ ነው። ነገር ግን አሜሪካ ውስጥ 141 ታማሚዎች ላይ ተሠርቶ በ2021 እ.ኤ.አ. በታተመ ጥናት አማንታዲን፣ ሞዳፊኒልና ሜቲልፌኒዴት እያንዳንዳቸው ከባዶው ክኒን አልበለጡም፤ የጎንዮሽ ጉዳታቸው ግን በልጧል። አንዳንድ ሰው ይጠቀማል፤ ስለዚህ ከተሞከረ በጊዜ ገደብ ይሞከር፣ ለውጥ ከሌለ ይቁም። ሞዳፊኒል የወሊድ መከላከያ ክኒንንና በክንድ የሚቀበረውን በጉበት ቶሎ እንዲፈርስ ያደርጋል። ለጽንስም አይመከርም። ስለዚህ ከጀመረች በማህፀን የሚቀመጠውን የመዳብ ሉፕ ወይም የሦስት ወሩን መርፌ ትጠቀም፤ ሞዳፊኒሉን ካቆመች በኋላም አንድ ወር ሙሉ በክንዱ ብቻ አትመካ።